በቀይ ማርከር የተጻፈው አርባ

«ወይዘሮ ስንት» የሚለውን ስም ያወጡላት የየሕንፃው ጥበቃዎች ናቸው። ገና ከመኪናዬ ሳትወርድ አንገቷን በመስኮት አውጥታ «ዛሬ ስንት ላይ ነው?» ትላለች። ሰላምታው የሚመጣው በኋላ ነው፣ ከመጣ። እኔ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነኝ፤ እሷን ይዤ አሥራ አራት የመንግሥት ሕንፃዎችን ስዞር ስምንት ዓመቴ ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ። ስናደድ ግን በሆዴ «አንቺ» ነው የምላት፤ እዚህም እንደ ሆዴ ልናገር።

ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው። በየወሩ የእያንዳንዱን ሕንፃ የመብራት ቆጣሪ ታነባለች፣ ያለፈውን ወር ትቀንሳለች፣ የቀረውን በሕንፃው ስፋት ታካፍላለች። ከዚያ ማን ቆጣቢ፣ ማን አባካኝ እንደሆነ በሠንጠረዥ ደርድራ ዋናው መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ ትለጥፋለች።

ሲሠሩት ግን ዕድሜ ያሳጥራል። የጤና ጣቢያው ጥበቃ የውሃውን ቆጣሪ አንብቦ ይጠብቃታል። የትምህርት ቤቱ ያለፈውን ወር ቁጥር ሳያፍር ይደግምላታል፤ እንዴት ወር ሙሉ ምንም አልቆጠረም ስትለው «እኛ እኮ ቆጣቢ ነን» ይላታል። የስፖርት አዳራሹ ሰውዬ ደግሞ ቆጣሪውን በስልኩ ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ አለ፤ ፎቶው ላይ ያለው የገዛ አውራ ጣቱ ነበር። ማህደር ቤቱ በየወሩ አንደኛ ይወጣል፣ ምክንያቱም ቁልፉን የያዘው ሰው ስለማይገኝ ከአይጥ በቀር የሚገባበት የለም። ይህንን ሁሉ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ስትነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እሱ ከሠንጠረዡ የሚያየው ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን።

ስለዚህ ሰው ማመን ተወች። መሰላል ተሸክማ፣ የእጅ ባትሪዋን ይዛ ሁሉንም ራሷ ታነብ ጀመር። ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ቆጣሪው የሚያሳየው የፍጆታውን ቁራጭ ስለሆነ፣ የተነበበው ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ ባለች ትንሽ ዕቃ ላይ በተጻፈው ማባዣ መባዛት አለበት። ጥበቃዎቹ ይህንን ሁልጊዜ ይረሱታል። እሷም አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ በየሳጥኑ በር ላይ ማባዣውን በቀይ ማርከር፣ በትልቁ ጻፈችው። የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ «በ40 አባዛ» ይላል። ዕውር እንኳ ያነበዋል ትል ነበር።

ቤቷም ውስጥ ያው ናት። ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። እናቷ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄዱ እየተከተለች ታጠፋለች። አንድ ጠዋት ልወስዳት ስሄድ እናትየው ከጓዳ ሲናገሯት ሰማሁ፤ «ልጄ፣ እኔ ገና አልሞትኩም፤ መብራቱን ተይልኝ» ይሏታል።

አሁን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ልምጣ። የማንበቢያ አዳራሹ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት ነበር። ቤታቸው የማይመቻቸው ተማሪዎች ሁሉ እዚያ ናቸው፤ የእኔም ትልቋ ልጅ። የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ናት። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ በአንድ በኩል የሚስቴ የልብስ ስፌት መኪና ይንጫጫል፣ በሌላው ሦስት ታናናሽ ወንድሞቿ ይራገጣሉ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ልጅቷ ሰው ሆና ታጠና ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ ግን በሠንጠረዡ ላይ ስድስት ወር በተከታታይ መጨረሻ ወጣ። ኃላፊው የመጨረሻውን መስመር አየ፣ ተቆጣ፣ አዳራሹ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እንዲዘጋ አዘዘ። የቤተ መጻሕፍቱ ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከሁለት አምፖል አንዱን ነቅለዋል፣ የሻይ ማፍያቸውን እንኳ ወደ ቤታቸው መልሰዋል። ደጅ ድረስ ወጥተው ለመኗት።

«ልጄ፣ ይህ ቤት ይህን ያህል አይበላም። የሚበላበት አፍ የለውም» አሏት።

«ጋሼ፣ ሰው ይዋሻል እንጂ ቆጣሪ አይዋሽም» አለቻቸው።

እኔ መሪዬን እንደጨበጥኩ እሰማ ነበር። ልጄ ከዚያ ቤት መባረሯን ለወይዘሮ ስንት አልነገርኳትም። ምን ልበላት? ለአንድ ሾፌር ልጅ ብላ ሠንጠረዥ አትለውጥም፤ ብትለውጥ ደግሞ እኔው ራሴ አንቅሬ እተፋት ነበር። ነገሩን በሆዴ ይዤ መላ ፈለግኩ። መኪናውን የማሳድረው ቤቴ ደጃፍ ስለሆነ፣ ልጄ ከእራት በፊት የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ በጣሪያው ትንሽ መብራት ማጥናት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር ገፍቼ አስነስቼው ብሄድም፣ እሷ ደጅ ስደርስ መኪናው ይጠፋና አልነሳ ይላል። እኔ መሪ ይዤ፣ ወይዘሮ ስንት ከኋላ እየገፋች፣ ላቧ ጠብ እስኪል።

«ይህን ባትሪ ምንድን ነው የሚበላው?» ትለኛለች። ማስታወሻዋ ላይ መዝግባዋለች አሉ፤ በዚህ ወር ዘጠኝ ጊዜ ገፋሁ ብላ። እኔ አርጅቷል እላለሁ። 

አዳራሹ ማታ ማታ ከተዘጋ ሦስት ወር ሆነ። አዲሱ ሠንጠረዥ ወጣ፤ ቤተ መጻሕፍቱ አሁንም መጨረሻ ነው። ያኔ አበደች። ማታ ማታ ጨለማ ሆኖ እያደረ እንዴት መጨረሻ ይወጣል? በእርግጠኝነት አንድ ሰው ምድጃ ደብቆ ይጠቀማል፣ ወይ ከጎረቤት ሽቦ የሳበ አለ፣ እጅ ከፍንጅ ነው የምይዛቸው እያለች ወሰደችኝ። ግቢውን አሰሰች። ጣሪያ ላይ አወጣችኝ። መጻሕፍቱ ጀርባ ሳይቀር ምድጃ ፈለገች፤ የጋሼን የቆየ ኮፍያ አገኘች።

በመጨረሻ ያለውን ሁሉ አብሩ አለች። አምፖሉን፣ ማራገቢያውን፣ አሮጌዎቹን ኮምፒውተሮች፣ አንድም ሳይቀር። አንድ ሰዓት እንጠብቅ ተባለ። እሷ በዚያች ሰዓት ውስጥ የእያንዳንዱን ዕቃ ፍጆታ ከጀርባው እያነበበች ደመረች፤ ሁሉም ቢበራ በሰዓት ሃያ ኪሎዋት-ሰዓት ግድም ነው የሚበላው። ቆጣሪው በዚያች ሰዓት ልክ አንድ ቁጥር ሄደ። አንዱን በአርባ ስታባዛው አርባ ሆነ።

ደግማ ደመረች። ሃያ። ደግማ አባዛች። አርባ። አርባ የሚበላ ነገር ቤቱ ውስጥ የለም፤ ጋሼ ከመጀመሪያው የሚሉት እሱን ነበር።

የእጅ ባትሪዋን ይዛ ሳጥኑ ውስጥ አንገቷን አስገባች። ማባዣው የተጻፈባትን ትንሽ ዕቃ በመሐረቧ ጠረገች፤ አቧራው ሲነሳ የሚነበበው ሃያ ነው። ጋሼ ያኔ ትዝ አላቸው፤ ባለፈው ዓመት ሠራተኞች መጥተው የሳጥኑን የውስጥ ዕቃ ቀይረው ሄደዋል። በሩን ግን አልነኩትም። በሩ ላይ ያለውን አርባ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው ያነባል፣ ራሷ ጽፋው ራሷ ታነበዋለች፣ ወደ ውስጥ ማንም አላየም።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ተረት ወደ አፌ መጣ፤ ዋጥኩት። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። አርባውን ሰርዛ ሃያ ጻፈች። ቸኩላ ስለጻፈችው ሃያው ጠማማ ነው፤ እስከ ዛሬም እንደጠመመ አለ።

በዚያው ሳምንት ሠንጠረዡን አስተካክላ ለጠፈችው። ቤተ መጻሕፍቱ አምስተኛ ወጣ። ከሥሩ በቀይ ማርከር «ስህተቱ የእኔ ነው» ብላ ፈረመች። አሁን መጨረሻ የሆነው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፣ ኃላፊው የሚቀመጥበት። ከሰዓት በፊት ወረቀቱ ከሰሌዳው ተነሳ። እሷ ለጠፈች፣ እነሱ አነሱ፤ ለጠፈች፣ አነሱ። ኃላፊው ጠርቷት ከአዳራሹ መዘጋት የተገኘው ቁጠባ ለበላይ አካል ሪፖርት ስለተደረገ ማረሚያው ለመጪው ዓመት ይቆይ አላት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ስሰማ ነበር፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት የውሸት ሠንጠረዥ ላይ አልፈርምም ስትል ሰማሁ። የወሩ ሠንጠረዥ ያለ ፊርማዋ አይሄድም። ሁለት ሳምንት ዘገየ፤ ከበላይ ስልክ ሲበዛበት ኃላፊው ግማሽ መንገድ መጣ። አዳራሹ በሳምንት ሦስት ማታ ይከፈታል አለ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ። እሷ ግን ገና አልፈረመችም።

የመጀመሪያው ሰኞ ወይዘሮ ስንትን ይዤ ሄድኩ። ልጄም እንደወትሮዋ የኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ ወይዘሮ ስንትን ከማንሳቴ በፊት ልጄን ከትምህርት ቤት ወስጃት ነበር፣ ወይዘሮዋም ወደ ቤት የምሸኛት መስሏት አልጠየቀችኝም። አዳራሹ ይከፈታል ብዬ ለልጄ አልነገርኳትም። ኃላፊው ቃሉን ቢያጥፍስ? ለፈተናዋ አሥር ቀን ነው የቀረው፣ በተስፋ ልቧን አልሰብርም።

ወይዘሮ ስንት ገብታ «ስንት ናቸው?» አለች። ጋሼ ሦስት አሏት። ድሮ ስልሳ ይገቡ ነበር።

«መብራቱን ማብራት ቀላል ነው። ልጆቹን ግን ማን ይጠራቸዋል?» አሏት ጋሼ።

እሷ ወደ ደጅ ወጣች። እየመሸ ነው። ግቢው ውስጥ የመኪናዬ የጣሪያ መብራት በርቷል፤ ልጄ ከሥሩ አጎንብሳ ታነባለች። ወይዘሮ ስንት ቆመች። ወደ ጣሪያው መብራት ጠቆመች።

«ባትሪውን የሚበላው ይሄ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አዳራሹ ከተዘጋ።»

«በየቀኑ አብረን እየዋልን ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎት ምን ይሉኝ ነበር?» አልኳት። ምን ትለኝ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

ሄዳ የመኪናውን በር ከፈተች። «ልጄ፣ ነይ ግቢ» አለቻት። «አዳራሹን ያዘጋሁት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ተከፍቷል።»

ልጄ ጣቷን ገጹ ውስጥ እንዳደረገች መጽሐፉን አጠፈች። አልተቆጣችም። እኔ ብትቆጣ እመርጥ ነበር።

«ነገስ ክፍት ነው?» አለቻት።

ነገ ማክሰኞ ነው። ወይዘሮ ስንት እጇን ዘርግታ የጣሪያውን መብራት አጠፋችና ልጄን በክንዷ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት።

ማክሰኞ ጠዋት መኪናው በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ዋናው መሥሪያ ቤት ደጅ ስንደርስ ወዴት እንሂድ አልኳት። ያልተፈረመውን የወሩን ሠንጠረዥ ጭኗ ላይ ዘርግታ ይዛለች፤ ቀይ ማርከሯ እጇ ላይ ነው።

«ሞተሩን አጥፋው» አለችኝ። «ኃላፊው ጋ ልቆይ ነው። ማክሰኞም ካልተከፈተ አልፈርምም።»