ሳጥኔ ውስጥ የቆለፍኩት መርፌ

እኔ ወርቄ ነኝ፣ ካዛንቺስ በርበሬ የምሸጠዋ። ምላሰኛ መሆኔን ሰፈሩ ያውቀዋል። ይህን ጉዴን ግን ለማንም አልተነፈስኩም።

ምራቴ እጸገነት ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቴም በአምስት ወሯ አስወረዳት። እኔ ታዲያ «ሾተላይ አለባት» አልኩ። ብዬም አልቀረሁ፣ ዕድርተኛውን ሁሉ አዳረስኩት። ጎረቤት ሲወልድ አራስ ቤት እንዳትገባ ያስከለከልኳት እኔው ነኝ። አፌን በቆረጠው!

በሁለት ሺህ ሦስት አራተኛውን አረገዘች። ኡራኤል አካባቢ የምትሠራ ሐኪም ደሟን አስመርምራ «ሾተላይ የሚባል ነገር አይደለም። የገዛ ሰውነቷ ደሟን ያረጋዋል፤ ወደ ልጁ የሚሄደው መንገድ ይዘጋል» አለች። ደም የሚያቀጥን መርፌ አዘዘችላት፣ እስክትወልድ በየቀኑ ሆዷ ላይ የሚወጋ። ልጄ ተከስተ መርፌውን ከየትም ከየትም ብሎ ገዛላትና «አደራሽን እማዬ» ብሎኝ ለሥራ ጅማ ሄደ።

እጸገነት በየጠዋቱ ራሷን ወግታ ኦሎምፒያ ካፌ ሥራዋ ትገባለች። አንድ ቀን ሆዷን ባየው በልዞ በልዞ! እንዴ፣ ልጅ ያለበት ሆድ ይወጋል እንዴ? ጸበል በጀሪካን አመጣሁላት።

«ሰባት ቀን ትጠጪያለሽ» አልኳት። «ጸበልና መርፌ ደግሞ አብሮ አይሄድም። መርፌውን ወዲህ በይ።»

«እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳታሳልፊ ተብያለሁ እኮ።»

«ሐኪሟ ከእግዜር በለጠችብሽ?»

ምን ትበል? አማቷ ነኝ። መርፌዎቹን ከነከረጢታቸው ሰጠችኝ፣ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩት። ቄስ እንኳ አልጠየቅኩም። በኋላ ነው የንስሐ አባቴን የሌላ ሰው ነገር አስመስዬ የጠየቅኳቸው። «ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው፤ ማነው ደፋሩ የከለከላት?» አሉኝ።

በስድስተኛው ቀን «ልጁ አልንቀሳቀስ አለኝ» አለች። በኮንትራት ታክሲ በረርን። ሐኪሟ በማሽኑ ሆዷን ብታይ ብታይ የልብ ትርታ የለም።

«መርፌውን አቋርጠሽ ነበር?» አለቻት።

እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ምነው ያኔ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! እጸገነት ወደ ግድግዳው ዞረችና «አልቆብኝ ነው» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ሐኪሟን ተከትዬ «በመርፌው ምክንያት ነው?» አልኳት። «በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፣ እናቴ» አለች። አይደለም ግን አላለችም።

ተከስተ በነጋታው ከጅማ ደረሰ። እያለቀሰ ጮኸባት። «እንዴት ያልቅብሻል? ስልክ አጥተሽ ነው? አንቺ ነሽ የገደልሽው!» እሷ አንዴ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። እኔ ነኝ ልል ነበር፣ እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቼ ነበር።

«ተዋት ልጄ፣ እሷስ ምን ታድርግ?» አልኩ።

ተከስተ እንባውን ጠርጎ ግንባሬን ሳመኝና ወደ እሷ ዞረ። «አየሽ? ሌላ አማት ብትሆን ከቤት ታስወጣሽ ነበር» አላት።