የአደር ሙሳ ሞተር

ባለፈው ሰኔ ከቀብሪበያ ወደ ጅጅጋ ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሞተር ዳገቱ ላይ ያንኳኳ ጀመር። ደረቅ ድምፅ ነው፤ በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚያናውጡ ዓይነት። ተሳፋሪው ወሬውን አላቋረጠም። እኔ ግን አደር ሙሳ ትዝ አሉኝ።

ደገሀቡር እያለን አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። በሶማልኛ አጎት ለማለት «አደር» እላቸው ነበር። ሰው ጅጅጋ የሚያመላልሱባት አሮጌ ነጭ ኮሮላ ነበረቻቸው። ወንበሮቿ ፀሐይ የመታው ላስቲክ ይሸታሉ፤ ከካሴቷ ክራር መሰሉ የኡድ ዜማ አይጠፋም። የቤታቸው እንጀራ እሷ ነበረች።

የአሥር ዓመት ሴት ልጅ ሳለሁ ትርፍ አንጀት ያዘኝና ቶሎ ጅጅጋ ደርሼ ቀዶ ጥገና እንዲደረግልኝ ታዘዘ። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ወጥቷል፤ ማደያው ቤንዚን ጨርሷል። አደር ሙሳ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዝተው ሞሉ። ሲያሸቱት ግን ፊታቸው ተጨማደደ።

«ይሄ ደካማ ቤንዚን ነው» አሉት አባቴን። «ጅጅጋ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ እዚያ ሞተሩ ይችለው ነበር። እዚህ ቆላው ላይ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም አለ። ከተጫንኩት ቤንዚኑ ያለጊዜው ይነድና ሞተሩን እያንኳኳ ይገድለዋል።»

«ቀስ እያልን እንሂዳ» አለ አባቴ።

አደር ሙሳ ዞር ብለው አዩኝ። እናቴ ጭን ላይ ተኝቼ አቃስታለሁ።

«ወላሂ፣ ዛሬ ቀስ የሚባልበት ቀን አይደለም» ብለው አስነሱ።

መንገዱን ሁሉ ሞተሩ ሲያንኳኳ፣ እኔ ሳቃስት ሄድን። የታመመ ግመል እንደሚያባብል ሰው መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል፤ እግራቸውን ግን ከነዳጅ መስጫው ላይ አላነሱም። ጅጅጋ መግቢያ ላይ አንዳች ነገር ጓ አለና መኪናዋ በጭስ ተሞላች። የሞተሯ ፒስተን ተበስቶ ነበር። አደር ሙሳ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩዋት ባጃጅ አስቁመው፣ አቅፈው ጫኑኝ።

«ሂዱ! መኪና ብረት ነው» አሉ።

እኔ ዳንኩ። ኮሮላዋ አልተነሳችም። አባቴ ላሠራልዎት ቢላቸው በጄ አላሉም። ብዙም ሳይቆዩ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ዘመዶቻቸው፣ ወደ ሀርሺን ሄዱ። አብራኝ ትማር የነበረችው ልጃቸው ሆዳን ትምህርቷን በዚያው ተወች። ክፍል ውስጥ ባዶ ቦታዋን ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር። ማንም አልወቀሰኝም፤ የከበደኝም እሱ ነው። ስለ እሳቸው ሰው ለመጠየቅ እንኳ አፈርኩ።

ከዚያ የሚኒባስ ጉዞ በኋላ ሀርሺን ሄድኩ። አደር ሙሳ ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ሆዳን ልጅ አዝላ በር ላይ ተቀበለችኝ። ስለ መኪናዋ ላነሳ ስል አቋረጠችኝ።

«አባቴ ከደገሀቡር የመጣ ሰው ሲያገኝ አንድ ነገር ነበር የሚጠይቀው» አለችኝ። «‹ያቺ ልጅ አደገች ወይ?› ይል ነበር።»