ቢጫው ገበር

ቲያትር ቤቱ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ካረን የእጅ ባትሪና ጥቁር ሸሚዝ ሰጠችኝ። «አልባሽ ለተመልካች አይታይም» አለች። አዲስ አበባ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ሲያትል ከመጣሁ በኋላ ግን ሁለት ዓመት በአቅራቢያው ኬንት ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ኖሬያለሁ። ይህን ሥራ ያገኙልኝ የቲያትር ቤቱ አናጢ ጋሽ ተፈራ ናቸው።

አልባሽ ቁልፍ ይተክላል፣ የተቀደደ ይሰፋል፣ ከመድረክ ጀርባ በጨለማ፣ በአርባ ሰከንድ ውስጥ ሱሪ ያስለውጣል። መጀመሪያ ሱሪ ሳስለውጥ አፍሬ ዓይኔን ጨፈንኩና የተዋናዩን ሁለት እግሮች በአንድ በኩል አስገባኋቸው። እየዘለለ መድረክ ወጣ። ተመልካቹ የተውኔቱ ክፍል መስሎት ሳቀ። ካረን አልሳቀችም፤ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያዬን ጻፈችልኝ።

ከዚያ ሴኞር ራሚሮን እንዳለብስ ተመደብኩ። ስፔናዊ ናቸው። ማድሪድ ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ ኖረዋል፤ በፊልም ደግሞ ብዙ ጊዜ ቄስ ሆነው ሠርተዋል። «ስንቱን ሰው አናዝዣለሁ፤ ራሴ ግን ተናዝዤ አላውቅም» እያሉ ያስቁኝ ነበር። ልጃቸውን ተከትለው አሜሪካ ከገቡ ወዲህ ግን በአነጋገራቸው የተነሳ የሚደርሳቸው የአትክልተኛና የአስተናጋጅ ሚና ሆነ።

በሰባ ዓመታቸው ዋናውን ሚና አገኙ፤ የአንድ ቤተሰብ አባት ሆነው የሚጫወቱበት ነው። በልምምድ ላይ ሁለት ጊዜ ቃለ ተውኔቱ ስለጠፋባቸው ዳይሬክተሩ ተተኪ አዘጋጅቶ ነበር። አንድ ጊዜ ቢደግሙት ዳግም ሚና እንደማይሰጣቸው ሁላችንም እናውቃለን።

በመክፈቻው ቀን የካፖርታቸው ገበር ተቀዶ አገኘሁት። ሰሞኑ እንቁጣጣሽ ነበርና ገዳቸው ይቅና ብዬ አደይ አበባ በሚመስል ቢጫ ሳቲን ቀየርኩላቸው። ደስታቸውን ለማየት ቸኩዬ ነበር።

ካፖርቱን ገልጠው ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ልጄ፣ እኛ አገር ተዋናይ ቢጫ ለብሶ መድረክ አይወጣም። መዓት ይጠራል» አሉኝ።

መቀስ አንስቼ ገበሩን መተርተር ያዝኩ። ስፌቱን አጥብቄው ስለነበር ቶሎ አልላቀቅ አለኝ። መጋረጃው የሚከፈትበት ሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ አለፈ። ካረን በሩን በርግዳ ገባች፤ ዳይሬክተሩ ከኋላዋ አለ።

«ምንድን ነው የሚያስጠብቀን?»

እኔ ስንተባተብ ሴኞር ራሚሮ ቢጫውን ጨርቅ በእግራቸው ወንበር ሥር ገፉት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። የመጀመሪያው መስመር ጠፍቶብኝ ነበር» አሉ።

ዳይሬክተሩ ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈና ወጣ። እሳቸው ገበር የሌለው ካፖርት ለብሰው አንድ ቃል ሳያዛንፉ ተጫወቱ። ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አለቀስኩ።

በማግስቱ ለጋሽ ተፈራ ነገርኳቸው።

«ሶ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ።

«ለካረን ልነግራት ነው፣ ጋሼ።»

«ኧረ ተይ! ፕሮቤሽን ላይ ነሽ እኮ፤ የሙከራ ጊዜሽን ገና አልጨረስሽም። ሪፖርት ካደረግሽ ነገ ፋየር አድርገው ያባርሩሻል። ሰውየው ራሳቸው ኦኬ ብለው የለ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ምክሩ ጣመኝ። ዝም አልኩ። ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል።

በዓመቱ፣ በአዲሱ ተውኔት ሴኞር ራሚሮ ቦታ አጡ። ዳይሬክተሩ የመክፈቻውን ቀን ጠቅሶ «የማስታወስ ችሎታቸው እየከዳቸው ነው» አለ። ዕቃቸውን ሲሰበስቡ እንኳ ያን ነገር አላነሱብኝም፤ ጉንጬን ስመውኝ ወጡ። ከዚያ ወዲያ መድረክ አልረገጡም።

ለካረን እውነቱን የነገርኳት እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። ያኔ ምክትሏ ሆኜ ነበር። የያዘችውን ልብስ አስቀምጣ አየችኝ።

«ያኔ ብትነግሪኝ እቆጣሽ ነበር እንጂ አላባርርሽም ነበር» አለች። «እሳቸውንም አናጣቸውም ነበር።»

አሁን አዳዲስ አልባሾችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ስታጠፉ፣ በዚያው ቀን ተናገሩ።