ክረምቱ እስኪወጣ

ባለቤቴን ከመቱ ወደ ኡካ ስወስዳት «ክረምቱ እስኪወጣ ነው» ብያት ነበር። እናቷም ሰምተዋል። ስናገር የምሬን ነበር፤ ግን ኢሉባቦርን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ቀጠሮ አይሰጥም፣ የሚያውቅም ሰው አይቀበልም። እኛ አገር የክረምት መግቢያው ይታወቃል እንጂ መውጫው አይታወቅም። ሌላው አገር አደይ ሲፈነዳ ጃንጥላውን ይሰቅላል፤ እኛ በጥቅምትም ጃንጥላ ይዘን ነው ገበያ የምንወጣው።

ሥራዬ ሸራ መስፋት ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥተው የጭነት መኪና ሸራና ድንኳን ሲሰፉ ኖረው፣ ሲያርፉ ወፍራም ሸራ የሚበሳውን የስፌት መኪናቸውን ተዉልኝ። መቱ ላይ እሱን አስቀምጬ የምሠራበት ቤት በአቅሜ አላገኘሁም። ኡካ ላይ ግን የአባቴ ወዳጅ የነበሩ፣ ከጅማ የመጡ የቡና ነጋዴ የመጋዘናቸውን የፊት ክፍል ለቀቁልኝ። ሚስቴ ገበያው አጠገብ ያደገች የመቱ ልጅ ናት፣ ለእናቷም አንድ። ኡካ የገባን ቀን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አየችና «የቀረውስ የት አለ?» አለችኝ።

በመጀመሪያ የማገኘው ሥራ የተቀደደ ጆንያ መጣፍና የበቅሎ ጭነት ማሰሪያ ቀበቶ መስፋት ነበር። ከዳሪሙ በእግር የሚመጡ ገበሬዎችም ቡና የሚያሰጡበትን ሸራ ያመጡልኝ ነበር። ኑሯችን አይሞላም፣ አይጎድልም።

ከዚያ ባጃጅ መጣ። ባጃጅን የፈለሰፈው ሰው መቼም የእኛን ዝናብ አላየም። ጣሪያ ሰጥቶት ጎን ነሳው። ዝናቡ ደግሞ እኛ ጋ ከላይ ብቻ አይወርድም፤ ከነፋሱ ጋር ተመካክሮ በጎን ነው የሚገባው። አንድ ቀን አንድ ሹፌር ከመቱ ሽማግሌ ይዞ ኡካ ገባ። ጎኑን በላስቲክና በገመድ ሸፍኖታል፤ ግን እሱም ሽማግሌውም ከወንዝ የወጡ ይመስሉ ነበር። ሽማግሌውን አውርዶ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ እባክዎ ለዚህ ነገር አንድ መላ ይበሉኝ» አለኝ። ሸራ ቆርጬ፣ ዝናብ ሲያባራ ወደ ላይ ተጠቅልሎ በቀበቶ የሚታሰር የጎን መጋረጃ ሠራሁለት። በሥራዬ ኮራሁ።

ሚስቴ በዚያው ባጃጅ እናቷን ልትጠይቅ ሄደች። ስትመለስ ኩራቴን ገፈፈችኝ።

«ጆንያ ውስጥ እንደገባች ዶሮ አድርገህ ነው የላክኸኝ» አለች። «መቱ መድረሴን ያወቅሁት ሹፌሩ ውረጂ ሲለኝ ነው። የመቱን መግቢያ ሳላይ መቱ ሄድኩ ይባላል?»

በማግስቱ ወንበር ላይ አስቀምጬ ዓይኗ የሚደርስበትን ለካሁና፣ በዚያው ልክ ሸራውን ቆርጬ መስታወት የመሰለ ወፍራም ላስቲክ ሰፋሁበት። ሹፌሮቹ «ፎዳ» አሉት፤ በኦሮምኛ መስኮት ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ የመቱ ተሳፋሪ ዝናብ ሲጥል ባለ ፎዳውን ባጃጅ መምረጥ ጀመረ። ሹፌሩም መጋረጃ ለማሰፋት ከመቱም ከጎሬም ወደ ኡካ ይመጣ ጀመር። እኔንም ያው ፎዳ ብለው ጠሩኝ። አማቴ ደግሞ በኦሮምኛቸው «ሶዳ» ነው የሚሉኝ፣ አማች ለማለት። እሳቸው ቤት ስገባ ሶዳ፣ ሱቄ ስገባ ፎዳ ሆኜ ቀረሁ።

ሥራው ሲያልቅ የምንፈትንበት መንገድ ነበረን። ሹፌሩ መጋረጃውን ዘግቶ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሚስቴ በባልዲ ውሃ ትደፋበታለች። ጠብታ ከገባ ክፍያ የለም። ይህን ሥራ ለማንም አሳልፋ አትሰጥም። ስንስማማ ውሃው እንደ ካፊያ ነው የሚያርፈው፤ የመቱ ነገር ሲነሳባት ግን ባጃጁ ራሱ ይነቃነቃል። ሹፌሮቹም ነቅተውበታል። «ጋሼ፣ ዛሬ እትዬን ምን አድርገዋቸው ነው?» ይሉኛል ከውስጥ ሆነው። ስፌቴ የጠነከረው በእሷ ኩርፊያ ነው ብል አላጋነንኩም።

በየዓመቱ መስከረም ሲገባ በር ላይ ትቆምና «ክረምቱ ወጣ ወይ?» ትለኛለች። እጄን ከክፈፉ አሳልፌ እዘረጋለሁ። እጄ ይረጥባል። «ገና ነው» እላታለሁ። እሷም ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። ሥራውም እየበዛ ሄደ፤ መጋዘኑን በሙሉ ያዝነው፣ ሰፊዎችም ቀጠርኩ። እውነቱን ለመናገር ያንን ጊዜ እወደው ነበር።

ኋላ አማቴን እግራቸውን ያማቸው ጀመር። በመጀመሪያ ገበያ መውጣት ተዉ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተዉ። ውሃ የሚቀዳላቸው ጎረቤት ነው። ሚስቴ እሳቸው ጋ ውላ ስትመለስ እንደ ወትሮው ስለ መቱ ወሬ አታወራም። አንድ መስከረም ገባ። እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆመች፣ ዝናቡን አየችና ምንም ሳትጠይቀኝ ወደ ውስጥ ተመለሰች። እኔ እጄን ለመዘርጋት ተዘጋጅቼ ነበር። መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ወዲያ የምትደፋው ውሃ ካፊያም ዶፍም አልነበረም፣ ዝም ብሎ ውሃ ነበር። ያኔ ፈራሁ።

ወሩ ሳይወጣ መቱ ላይ፣ ከእናቷ ቤት ብዙ ሳይርቅ ሱቅ ተከራየሁ። ሰፊዎቹን አሰናብቼ፣ መጋዘኑንም ለነጋዴው መልሼ፣ ሸራውንም የስፌት መኪናውንም ጭነን እናቷ ቤት ገባን። አማቴ በዱላቸው ተደግፈው ደጃፍ ድረስ ወጡና እልል አሉ። ሚስቴ በዚያ ሳምንት ስትስቅ የዋለችውን አልረሳውም።

ኡካ ድረስ የሚመጣልኝ ደንበኛ ደጃፉ ላይ ስቀመጥለትማ ይጎርፋል ብዬ ነበር። የጎረፈው ተሳፋሪ ነው። ባጃጁ ገና ሱቄ በር ላይ ሲቆም አንዷ ትገባና «ሆስፒታል!» ትላለች፤ ሌላው ከማዶ «ዩኒቨርሲቲ፣ ኮንትራት!» ብሎ ይጮሃል። ሹፌሩ «መጣሁ ጋሼ፣ አንዴ ላድርሳቸው» ብሎ ይነሳል። ያ «አንዴ» ሲመሽ ነው የሚያልቀው። አንዱማ ግማሽ የተሰፋ መጋረጃዬን እያውለበለበ፣ መርፌዬን እንደተሰካ ይዞ፣ ተማሪዎች ጭኖ ሲበር በዓይኔ አይቻለሁ። በጥድፊያ የተሰፋ ሸራ ደግሞ ያፈሳል፣ ያፈሰሰ ሥራም ስም ያጠፋል። ደንበኛዬ እየሳሳ ሄደ፣ ባልዲውም ጥግ ላይ ደረቀ።

ሚስቴ ባልዲውን አይታ ታልፈዋለች። እኔም ሥራ እንዴት ዋለ ስባል «ደህና ነው» እላለሁ። አንድ ቅዳሜ ግን ቤት ስገባ ድስቶቿን በጋዜጣ ስትጠቀልል አገኘኋት።

«ወደ ኡካ እንመለስ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«እናትሽስ?»

«እንጀራችን ያለው እዚያ ነው። እናቴም ይህ አይጠፋትም።»

አማቴ ከጓዳ ሰምተዋል። ዱላቸው ወለሉን መታ መታ ሲያደርግ ይሰማኛል። ያን ቀን ያዘንኩትን ያህል አዝኜ አላውቅም። ክረምቱ ወጥቶላት ነበር፣ እኔው መልሼ ላስገባባት ነው።

ሰኞ ዕለት ያ የመጀመሪያው ሹፌር ሱቄ ጎራ አለ። አሁን ሌሎች ሹፌሮች ቀጥሮ የሚያሠራ ባለ ባጃጅ ሆኗል። ሸራዬን ስጠቀልል አይቶ ምን ሆኜ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ደንግጦ ያጽናናኛል ስል ጭራሽ ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ እኛ ኡካ የምንመጣው ለመጋረጃው ብቻ መስሎዎት ነው?»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ለመተኛት ነዋ! መቱ ላይ ባጃጅ ይዞ ማን ያርፋል? ኡካ ግን የሚጠራን የለም። እርስዎ ሲሰፉ እኛ በልተን፣ ከረንቡላ ተጫውተን፣ አንድ እንቅልፍ እንወስዳለን። እኔ እንኳን ስነጫነጭ ሚስቴ ‹ፎዳህ አርጅቷል፣ ኡካ ሂድና አሰፋ› ትለኛለች።»

እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን ነገሩ ገባኝ። ኡካ ላይ ሥራዬ ያማረው ባጃጁ ቆሞልኝ ስለሚውል ነበር፤ ባጃጁ የሚቆመው ደግሞ ማንም ስለማይፈልገው ነው። ሚስቴ «የቀረውስ የት አለ?» ያለችው ጭር ያለ መንገድ ነው ያበላን።

«እንግዲህ የስፌት መኪናውን ኡካ ይመልሱት፣ እርስዎ ግን ከዚህ አይነሱ» አለኝ። «ጠዋት ጠዋት ተረኛው ሹፌር ከደጅዎ ያነሳዎታል፣ ማታም ይመልስዎታል። እትዬም እናታቸው ጋ ይሁኑ። እኛም ከባልዲው እንገላገል!»

እነሆ እንደዚሁ እየኖርን ነው። ጠዋት ሰው ሁሉ ለቢሮ፣ ለሆስፒታልና ለገበያ ወደ መቱ ሲገባ እኔ ከመቱ እወጣለሁ። የሚያውቁኝ ከሚኒባስ መስኮት «ተሳሳትክ እኮ!» እያሉ ይቀልዱብኛል። ሥራው ከድሮው በልጧል፤ መጋረጃ ብቻ ሳይሆን የባጃጅ ወንበርም እሰፋለሁ። ሹፌሮቹ ነጋዴው መልሰው በለቀቁልኝ መጋዘን ጥግ በዘረጋሁላቸው ፍራሽ ላይ ያንኮራፋሉ። ውሃውን የምትደፋው የጎረቤት ሻይ ቤት ባለቤት ናት፤ እጇ ለስላሳ ስለሆነ «ይሄማ ጠበል ነው» እያሉ ያላግጡባታል። በገበያ ቀን ሚስቴ በባጃጅ ፎዳው አጠገብ ተቀምጣ ብቅ ትልና ባልዲውን ትረከባለች፣ ያኔ ማንም አያላግጥም።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ማምሻ ዝናቡ ከኡካ ጀምሮ አልለቀቀንም። ባጃጁ ደጃችን ሲቆም በፎዳው አየኋቸው፤ አማቴ በረንዳው ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፣ ሚስቴ በሩን ከፍታ ቆማለች። ወርጄ ሮጬ እስክደርስ ድረስ ሸሚዜ ገላዬ ላይ ተጣበቀ። ሚስቴ ግን በሩን ሞልታ ቆማ አላስገባ አለችኝ። ከዚያ መስከረም ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።

«ክረምቱ ወጣ ወይ?» አለችኝ።

እጄን መዘርጋት አላስፈለገኝም። ውሃው ከአፍንጫዬ ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር።

«ወጣ» አልኳት።