እሺ ያልኩበት የስኳር ስብሰባ

ይህ የገጠመኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚታደልበት ዘመን፣ እዚሁ ሆሳዕና። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ያልረሳሁት ግን ልሞት ስለነበር አይደለም። በስብሰባ ላይ ተቃውሞዬን ትቼ «እሺ» ያልኩበት ቀን እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ትምህርቴ ትንሽ ነው። ሚሲዮን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ስደርስ ተዳርኩ። ስለዚህ ሳላሳምር እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

የስኳር በሽታ እንዳለብኝ የታወቀው የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። የክሊኒኳ ነርስ መርፌ አወጋጉን አስተማረችኝ። መድኃኒቱ እንዳይሞቅ ጓሮ፣ እንሰቱ ጥላ ሥር በቀበርኩት ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ነርሷ ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ቆጮ አልኳት። ሌላስ አለች። ጎመን አልኳት። ሌላስ ስትል ቦሎቄ፣ አይብ፣ ሲገኝ ሥጋ አልኩ። ማርመላታ እንዳትበዪ አለችኝ። ማርመላታ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ነገረችኝ። እንደማልበላ ቃል ገባሁላት፤ ቃሌንም እስከ ዛሬ ጠብቄያለሁ።

ቆጮውን ቀነስ፣ ጎመኑንና ቦሎቄውን በዛ አድርጊ አለችኝ። አተካናን፣ ያ በበዓል ቡላውን በቅቤና በወተት የምንሠራውን፣ ለቅምሻ ብቻ አለች። ይህ ከበደኝ፤ ግን ተቀበልኩ። ከሁሉ አጥብቃ የነገረችኝ መርፌ ከወጋሁ በኋላ ምግብ እንዳላሳልፍ ነው። ካሳለፍኩ በደሜ ያለው ስኳር ይወርዳል፤ ያ ደግሞ ቶሎ ይገድላል። ያኔ መድኃኒቱ ስኳር ራሱ ነው አለችኝ። ለስኳር በሽታ መድኃኒቱ ስኳር ነው ስትለኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

አብራኝ የሄደችው ጎረቤቴ ማርታ ናት። ነርሷ ለእሷም ምልክቱን ነገረቻት። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ደግሞ ሰውየው ያለ ምክንያት ይቆጣል፣ ይነጫነጫል አለቻት።

ማርታ ትንሽ አሰበችና «ሲስተር፣ ለእትዬ ወርቄ ሌላ ምልክት የለም?» አለች።

ነርሷ ሳቀች። «እንግዲያው ከወትሮዋ የተለየ ነገር ካየሽ ስኳር ስጫት» አለቻት።

ስብሰባው የተጠራው እሑድ ጠዋት ነው። ያኔ ስብሰባ የሚጠራው ሁልጊዜ በቤተ ክርስቲያን ሰዓት ነበር። የቀረ ሰው የራሽን ካርዱ ይያዝበታል፤ ስለዚህ ማንም አይቀርም። መርፌዬን ወጋሁ፣ ቆጮ በአይብ ቀመስ አደረግሁ፣ ለረፋድ የሚሆነኝን የገብስና የባቄላ ቆሎ በጨርቅ ቋጥሬ ሄድኩ። አጀንዳው የስኳር እደላ ነው ስለተባለ ቶሎ ያልቃል ብዬ ነበር።

ሊቀመንበሩ ሀንዲሶ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሊቀመንበር ነበር። መጀመሪያ ስለ ዓለም አቀፉ ሁኔታ ገለጻ አደረገ። ኢምፔሪያሊዝም ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ በዝርዝር ሰማን። ሆሳዕና ሳይደርስ ረፋዱ አለፈ።

ሆዴ ሲሞረሙረኝ ቋጠሮዬን ፈታሁ። አሁን እንግዲህ እዚህ ላይ የእኛን አገር ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ፊት ብቻን መብላት ነውር ነው። ከራስ መጀመርም ነውር ነው። በአግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ እንደ እኔ ከማለዳ ጀምሮ የተቀመጠ ነው። «ተቃመሱ» ብዬ ቆሎውን ወደ ግራ አሳለፍኩ። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ዘገነ፤ ማንም አላበዛም። ጨርቁ በአግዳሚው ዞሮ፣ ከኋላችን ባለውም ዞሮ ወደ እኔ ተመለሰ። በውስጡ የገብስ ገለባ ነበር። የመጨረሻው ሰው «እግዚአብሔር ይስጥልን» አለኝ። «አሜን» አልኩት።

ከፊት ለፊታችን ኮሚቴው ሻይ ይጠጣ ነበር። እነሱ «እንጠጣ» አላሉንም።

ከዚያ ሀንዲሶ ወደ ስኳሩ መጣ።

«ጓዶች፣ በዚህ ወር የመጣው ስኳር አንሷል። ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አለው። በቀበሌያችን ሁለት የስኳር በሽተኞች አሉ። ሐኪም ስኳር ከልክሏቸዋል። የተከለከለ ሰው ድርሻ መውሰዱ ከሳይንስ ጋር ይጋጫል።»

ሳይንስ ሲል ኮሚቴው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ።

«የእነሱ ድርሻ ለቀበሌው የእንግዳ መስተንግዶ ይዋል ነው የምንለው» ብሎ ከሻዩ ተጎነጨ።

ሁለቱ በሽተኞች እኔና ጋሽ ተክሌ ነን። ጋሽ ተክሌ ከሰሜን መጥተው እዚሁ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ኮታቸውን ሳይለብሱ ከቤት አይወጡም። ከፊት ተቀምጠው ነበር። ዘወር ብለው አዩኝ። እኔ ተነሳሁ።

«ሀንዲሶ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«ጓድ ሊቀመንበር ይበሉ፣ እትዬ ወርቄ።»

«ጓድ ሊቀመንበር ሀንዲሶ፣ በዚህ ቀበሌ ልብስ የሚያጥበው ማነው?»

«ምን ማለት ነው?»

«አንተ ልብስህን ታጥባለህ?»

«ባለቤቴ ናት የምታጥበው።»

«እንግዲያው የአንተ የሳሙና ድርሻ ይቀነስ። ክብሪትም አለ። እሳት የማያነድ ወንድ ሁሉ የክብሪት ድርሻው ይቀነስ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ስኳር እንመጣለን።»

ሴቶቹ ሳቁ። ወንዶቹም በሳሙናው ሳቁ፤ ክብሪት ስል ዝም አሉ።

ሀንዲሶ ፊቱን አጠቆረ። «ታዲያ የማይበሉትን ስኳር ምን ያደርጉታል? አንዳንድ ሰው የራሽን ስኳር ፎንቆ ገበያ እንደሚያወጣ መረጃ አለን።»

ይህ በዚያን ጊዜ ቀላል ቃል አይደለም። የራሽን ዕቃ ሸጠ የተባለ ሰው አሻጥረኛ ይባላል፤ ከዚያ የሚቀጥለው እስር ቤት ነው።

ነገርኩት። ከድርሻዬ አንዱ ቋጠሮ አልጋዬ ራስጌ ይቀመጣል፤ ስወድቅ በአፌ የሚያደርጉልኝ እሱን ነው። ያለሱ አንድ ቀን አልነሳም። የቀረው ለእንግዳ ሻይ ነው። የበሽተኛ ቤትም እንግዳ ይመጣል፤ ይልቁንም ይበዛል። «ገበያ የወሰድኩትን ያየ ይነሳና ይናገር» አልኩ። የተነሳ የለም።

«ስኳር ለስኳር በሽተኛ መድኃኒት ነው እያሉን ነው?» አለ ሀንዲሶ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። ሰው ሳቀ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ያስደገምኩትን ነገር ሌላው አንዴ ሰምቶ እንዲያምን መጠበቅ ከባድ ነው። ቢሆንም ተከራከርኩ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እመልሳለሁ። ፀሐይዋ ከአናታችን አለፈች። ቁርሴ ካለቀ ቆይቷል፤ መርፌው ግን ሥራውን አላቆመም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግማሹን ብቻ ነው የማስታውሰው። ፊቴ ላይ ላብ ወረደ። የሀንዲሶ ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ ለስለስ አለልኝ። ሀንዲሶ እንዴት ያለ ጥሩ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ጤነኛ ሳለሁ መጥቶብኝ አያውቅም። ኮሚቴው በሙሉ የሚወደድ መሰለኝ።

«እንግዲህ ተቃውሞ ከሌለ ድምፅ እንስጥ። እትዬ ወርቄ፣ አሁንስ ተስማሙ?»

«እሺ» አልኩ አሉ። «እሺ ልጄ፤ ውሰዱት።» እጄንም አወጣሁ አሉ።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» አለ ሀንዲሶ። አጨበጨቡ።

ማርታ ከአጠገቤ ብድግ ብላ ጮኸች። «ኧረ ሰዎች! እትዬ ወርቄ እሺ አለች! እየሞተች ነው!»

ሰው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ማርታ ግን ግንባሬን ዳሰሰች፤ እጇ በላብ ራሰ። «ስኳር! ስኳር አምጡ!» አለች። የቀበሌው ሱቅ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂው ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ለምሳ ሄዷል። ማርታ ሰው እየረገጠች ወደ ፊት ሄደች፤ ከሊቀመንበሩ እጅ ብርጭቆውን ነጠቀች። እስከ ዛሬ ሀንዲሶ ብርጭቆውን ይዞ ትንሽ እንደታገላት የሚምሉ ሰዎች አሉ። እኔ አላየሁም፤ ስለዚህ አልመሰክርበትም።

ከወደቅኩበት ቀና አድርገው ደግፈው፣ መዋጥ እችል ስለነበር ቀስ እያሉ አጠጡኝ። ለብ ያለ፣ የሰው አፍ የነካው ሻይ ነው። ከሥሩ ያልሟሟ ስኳር ነበረበት፤ ማርታ በጣቷ ጠራርጋ አላሰችኝ። ያን ያህል ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውስጥ በዚያ ዘመን እንደሚፈቀድ አላውቅም ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ዓይኔ ጠራ። አንዷ ሴት ከየት እንዳገኘች እንጃ፣ ቆጮ በጎመን አምጥታ አጎረሰችኝ። ጎመኑ ጨው በዝቶበታል። ይህን ስናገር ማርታ «ተመስገን፣ ተመለሰች» አለች።

ሀንዲሶ ላቡን እየጠረገ ስብሰባው ተዘግቷል፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ ይል ነበር።

«የት ነው የምትሄዱት?» አልኩ። «ድምፁ ይደገም።»

«እትዬ ወርቄ፣ ጸድቋል እኮ። እርስዎም እጅዎን አውጥተዋል።»

«ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ረሃብ ነው።»

ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። ሀንዲሶ ከኮሚቴው ጋር ተንሾካሾከና «ጉዳዩ የሕይወት ስለሆነ፣ የእትዬ ወርቄ ድርሻ በልዩ ፈቃድ እንዲቀጥል ወስነናል» አለ። ደግ ነገር ያደረገ መስሎት ቁጭ አለ።

«ጋሽ ተክሌስ?» አልኩት።

«ጋሽ ተክሌ ምን ሆኑ? ይኸው ደህና ተቀምጠዋል።»

«እሳቸውም መርፌ ይወጋሉ። በሽታችን አንድ ነው።»

«እትዬ ወርቄ፣ የእርስዎ ተመልሶልዎታል፤ በቃ ይተዉት። ለእርስዎ የተፈቀደው ስለወደቁ ነው። እሳቸው አልወደቁም።»

ጋሽ ተክሌ ይህን ሰምተው ቀስ ብለው ተነሱ። ሁላችንም የሚናገሩ መሰለን። ኮታቸውን አወለቁ፣ አጥፈው ወለሉ ላይ አነጠፉት፣ ጉልበታቸውን ይዘው በርከክ አሉና ጭንቅላታቸውን ኮቱ ላይ አሳርፈው በጀርባቸው ተጋደሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ።

«ይኸው ወድቄያለሁ፣ ልጄ» አሉ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ኧረ ይነሱ፤ ነውር ነው» አለ ሀንዲሶ።

«ውሳኔውን ተኝቼ እጠብቃለሁ። እኔ ፍርድ ቤት ነው ያረጀሁት፤ መጠበቅ አያስቸግረኝም።»

መጀመሪያ የሳቀችው ማርታ ናት። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ከኮሚቴውም አንዱ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ሽማግሌ መሬት ላይ አስተኝቶ ስብሰባ መምራት የሚችል ሊቀመንበር በሆሳዕና እስካሁን አልተፈጠረም። ሀንዲሶ ራሱ ወርዶ ክንዳቸውን ይዞ አነሳቸው፤ ኮታቸውን አራግፎ አለበሳቸው። ድምፁ ተደገመ። ድርሻችን እንደ ማንኛውም ሰው ድርሻ ይቀጥላል ተባለ፤ በልዩ ፈቃድ የሚለው ቃል እንዲወጣ አደረግሁ። እንደ ማንኛውም ሰው ሲባል ደግሞ ያነሰው ስኳር ከሁላችን እኩል ተቀነሰ። ከእኔም ተቀነሰ። ይህ ትክክል ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የትም ስሄድ ቆሎዬን ከራሴ እጀምራለሁ። መጀመሪያ እኔ እቅማለሁ፣ ከዚያ አሳልፋለሁ። የማያውቀኝ ሰው ሆዳም ይለኛል። ይበል።

አሁን ሳስበው ለማርታና ለጋሽ ተክሌ ያለኝ ምስጋና አላለቀም። ነገር ግን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ። በዚያ ቀን ቆሜ፣ በሙሉ አእምሮዬ የተናገርኩት እውነት ነበር። እውነት ስለሆነ ሊሰማ ይገባው ነበር። ድርሻችን የተመለሰው ግን አንዲት ሴት ስለወደቀችና አንድ ሽማግሌ ስለተጋደሙ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ሀንዲሶን አንድ ሠርግ ላይ አገኘሁት። አርጅቷል፤ ከእኔ ጎን አስቀመጡት። ይህንኑ ነገርኩት።

«እትዬ ወርቄ፣ ዋናው እኮ ድርሻው መመለሱ ነው» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። ምግቡ እስኪነሳ ድረስ ተከራከርን። ዛሬም አይደለም እላለሁ።