ኦውኒ ዶራን ለልጁ ያደሰው ተጎታች ቤት

ኦውኒ ዶራን ከመምጣቱ በፊት ሽታው ይመጣል። ቫርኒሽ፣ ኮላ፣ የተጋዘ እንጨት። ሚስቱ ነፍሷን ይማርና፣ «እኔ የተጋባሁት ከሰው ነው ከቁምሳጥን?» ትለው ነበር። እሱ መች ይመልሳል! ቢናገርም አፉን ወደ አንድ ጎን አጣሞ ነው፣ በጥርሱ ሚስማር የያዘ ይመስል። ብዙ ጊዜ እውነትም ይዟል።

አባቱ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር። የፕላስቲክ ባልዲ መጥቶ ያንን እንጀራ ሲዘጋው ኦውኒ ወደ እንጨት ዞረ። እዚህ ጋልዌይ መንገድ ላይ የሰፈርን፣ ከግንብ ቤት ይልቅ በመኪና በሚጎተት ቤት የምንኖር መንገደኞች ሁሉ የተጎታች ቤታችን ሆድ ሲበሰብስ የምንጠራው እሱን ነው። የእኔን ኮርኒስ የሠራው እሱ ነው፣ እስከ ዛሬ ጠብ አላለም። ባሌ ነው እንጂ ከመጠጥ ቤት ሲመጣ የሚንጠባጠበው። እሱን ኦውኒም አይጠግነው።

አንድ ልጅ አለችው፣ ሚና። የፈረስ ገበያው ሰሞን የነጂሚ ካሽ ልጅ ጠየቃት፣ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ተባለ። መቼም ቤቱን የሚሰጠው የሙሽራዋ አባት ነው። ባዶ እጇን የሄደች፣ አማቷ ቤት ጥግ ላይ መጋረጃ ተጋርዶላት ትኖራለች፣ በላች ጠጣች፣ አስነጠሰች ሲባል። አማቲቱን ደግሞ አውቃታለሁ። አፏ መጋዝ ነው። «ሰው አባት ካለው እኮ ቤት ይሰጠዋል» እያለች ገና ከአሁኑ በየሰዉ በር ትዞር ነበር።

አዲስ መግዛት የማይታሰብ ነው። ኦውኒ ግን አንድ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ዶሮ የሚያድርበት አሮጌ ተጎታች ቤት አየ። ፊቱ ዙሪያውን መስኮት የሆነ፣ ጎኑ በኒኬል የተለበጠ፣ እኛ ልጆች ሳለን ሀብታሞቹ ብቻ የሚጎትቱት ዓይነት። በዝንጉርጉር ውርንጭላው ለወጠው። ገበሬው ሲስቅ፣ «ኩሱን በነፃ ጨምሬልሃለሁ!» አለው።

የመጀመሪያ ቀን ሲገባ ወለሉ ተሰብሮ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ሰዉ ሳቀ። እሱ እግሩን አወጣና ውስጡን በሙሉ መንቀል ጀመረ። መጀመሪያ የነቀለው ሽንት ቤቱን ነው። የግንብ ቤት ሰው ሲሠራ እንደዚህ ነው፣ ከሚበላበት አጠገብ ይቀመጥበታል! መቀመጫውን ወደ ውጭ ሲወረውረው ሴቶቹ በሙሉ እልል አልን።

ከዚያ የግድግዳውን ማገር አየ። ዱቄት ሆኗል። አንድ በአንድ በአዲስ ለወጠ። በላዩ ኮምፔርሳቶ መታ፣ ሚስማሩን ቀብሮ በስቱኮ ደፈነ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ ቫርኒሽ ቀባ፣ ሲደርቅ እንደገና ፈትጎ እንደገና ቀባ። ለሚና የሸክላ ሳህኖች የመስተዋት ቁምሳጥን ሠራላት፣ ጀርባውም መስተዋት፣ አንዱ ሳህን ሁለት ሆኖ እንዲታይ። ጥግ ላይ ትንሽ የከሰል ምድጃ ተከለ። እኔና ሚና መጋረጃውን ሰፋን።

«አባዬ፣ ይሄ መሳቢያ ይጮኻል» ትለዋለች።

«የምትጮኺው አንቺ ነሽ።»

ጠዋት ግን መሳቢያው አይጮኽም።

ብርዱ ሲከፋ የኦውኒ እናት፣ እማማ ብሪጂ፣ ደረታቸውን ያዛቸው። የራሳቸው ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ ፍራሹ ሳይቀር ረጥቧል። ኦውኒ ወደ አዲሱ ቤት ሊወስዳቸው ነው ሲሉኝ ሮጬ ሄድኩ።

«ኦውኒ፣ አብደሃል? የታመመ ሰው የሙሽራ ቤት ይገባል?»

«ሲሞቃት ትነሳለች።»

«ባይነሱስ?»

«ቢዲ፣ ምላስሽን ለባልሽ አስቀምጪለት።»

በእኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ቤት ይቃጠላል። አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ሙሽራ አይገባበትም። ይሄን ከኦውኒ በላይ የሚያውቅ የለም። የአባቱን ቤት በገዛ እጁ ነው የለኮሰው። ግን ምን ያድርግ? እናቱን ዝናብ ላይ ይተዋት?

እማማ ብሪጂ ሲገቡ በሩ ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩ። «ይሄ ምንድነው፣ ቤተ ክርስቲያን ነው? ጫማዬን ላውልቅ?» አሉ። ከዚያ መስተዋቱ ውስጥ ራሳቸውን አይተው፣ «ይቺ አሮጊት ደግሞ ማናት? አስወጧት!» ምድጃው አጠገብ ተኙ። የአሳማ ሥጋ በጎመን ሠርቼ ወሰድኩላቸው፣ ሁለት ጉርሻ በሉና፣ «ያንቺ ጎመን ባልሽ ለምን መጠጥ ቤት እንደሚያበዛ ያስረዳል» አሉኝ። ተሽሏቸዋል አልን።

አንድ ቀን ሲነጋጋ ሚና መጥታ በሬን ደበደበች። «እትዬ ቢዲ፣ አያቴ ትንፋሽ አጠራት!» አምቡላንስ ተጠርቷል፣ መንገዱ ግን ግግር በረዶ ሆኗል። ሚና መብራት ይዛ ልትጠቁማቸው ወደ መግቢያው ሮጠች። እኔ ገባሁ። እማማ ብሪጂ አፋቸውን ከፍተዋል፣ ደረታቸው ውስጥ ውሃ የሚፈላ ይመስላል። ምድጃው ግሏል። ኦውኒ ቆሟል።

ያኔ ዓይኑን አየሁት። እናቱን አየ። ከዚያ ኮርኒሱን፣ ቁምሳጥኑን፣ ግድግዳውን፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከነብርድ ልብሳቸው አነሳቸው።

«ወዴት ነው?»

«አየር ትፈልጋለች።»

«ውጭ በረዶ ነው፣ ኦውኒ!»

«አየር ነው የምትፈልገው አልኩሽ!»

እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ገፍቶኝ ወጣ። ሣሩ ላይ የነበረው የእንጨት ወንበር ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀመጣቸው። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። የእኔን ካፖርት ደረብኩላቸው። እማማ ብሪጂ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ኦውኒ፣ በሩን ዝጋው፣ በረደኝ» አሉ።

«እሺ እማዬ፣ ዘግቼዋለሁ» አለ።

ውጭ መሆናቸውን እንኳ አላወቁም። ሌላ ቃል አልተናገሩም። አምቡላንሱ ሲደርስ አልፈዋል። የአምቡላንሱ ሰው ሰዓቱን አይቶ፣ ከዚያ በተከፈተው በር የሚቀላውን ምድጃ አይቶ፣ «ምነው እሳቱ ዳር በቆዩ ኖሮ!» አለ። ክፉ አይደለም፣ እንዲሁ አምልጦት ነው። ሚና ከኋላው ቆማ ነበር። ሰማችው።

ከቀብሩ በኋላ የሙሽራው አባት ጂሚ ካሽ ጠራኝ። ጂሚ ሲጠይቅ ጉሮሮውን እንደ ዳኛ ይጠርጋል። «እህህ! ቢዲ፣ አንቺ ነበርሽ አሉ። አሮጊቷ የት ነው ያረፉት?»

«ሣሩ ላይ» አልኩ።

«ቤቱ ውስጥ አይደለም?»

«ሣሩ ላይ አልኩህ እኮ።»

«እንግዲያስ ቤቱ ንጹህ ነው» አለና ባርኔጣውን ደፋ። ለደንቡ ያህል የእማማ ብሪጂን የራሳቸውን አሮጌ ቤት ከነልብሳቸው አቃጠልን። ኦውኒ ያን ሁሉ ጊዜ ቆሞ አየ፣ ሲከስም ወደ አዲሱ ቤት ሄዶ በሩ ላይ እጀታ መግጠም ጀመረ። ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎት ነው።

ሚና ግን እግሯን አላስገባችም። ጨርሶ! መጋረጃውን እንኳ እኔ ነኝ የሰቀልኩት። ኦውኒ በየቀኑ አንድ ነገር ጨምሮ ይጠራታል፣ «ነይ እስቲ መሳቢያውን እይው»፣ «ነይ እስቲ መብራቱን አብሪው»። እሷ፣ «ቆይ አባዬ» ትልና ሌላ ሥራ ትይዛለች።

በእማማ ብሪጂ የወር መታሰቢያ ቅዳሴ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኦውኒ የአዲሱን ቤት በር ከፍቶ ቆመ። «ግቢ» አለ።

«አልገባም፣ አባዬ።»

«ለማን ነው የሠራሁት?»

«አቃጥለው።»

«ካቃጠልኩት እኮ ውስጥ ነው የሞተችው ማለቴ ነው። ያኔ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ሞቷን ሊሸፍን አውጥቶ ጣላት ነው የሚሉኝ።»

«እዚያው ውስጥ ነው የሞተችው» አለችው፣ ቀስ ብላ። «አንተ ያወጣኸው ትንፋሿን ብቻ ነው።»

ኦውኒ ገባና በሩን ዘጋ። የመዶሻ ድምፅ እንኳ አልተሰማም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጥቶ ከባሌ መኪና ቤንዚን በባልዲ ቀዳ። ባሌ እያየ ተወው። በሕይወቱ አንዴ ሳይሰክር የተገኘው ያን ቀን ነው።

ያ ሁሉ ቫርኒሽ አይደል? ቤቱ እንደ ወረቀት ነደደ። መስኮቶቹ አንድ በአንድ ፈነዱ። ሳህኖቹ እንኳ አልወጡም። ዋናው መንገድ ላይ የሚያልፍ የግንብ ቤት ሰው ደውሎ ኖሮ የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ መጣ። አለቃቸው ዘሎ ወረደና ለእሳቱ ወደሚቀርበው ሰው፣ ወደ ኦውኒ ሮጠ።

«ውስጥ ሰው አለ?»

«አለ» አለ ኦውኒ።

«ማን?»

«እናቴ።»

ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጭንብላቸውን አጥልቀው ወደ በሩ ተንደረደሩ። እኔ እጅጌያቸውን ይዤ፣ «ተቀብረዋል! ወር ሆኗቸዋል! የት ነው የምትገቡት!» እያልኩ ጮህኩ። አለቃው እኔን አየ፣ ኦውኒን አየ። ኦውኒ ከእሳቱ ዓይኑን አላነሳም። «ውስጥ ናት» አለ እንደገና።

ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ጂሚ ካሽም ሰማ። ጉሮሮውን ጠረገና ወደ እኔ ዞረ። «ሣር ላይ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ሣር ላይ ናቸው የሞቱት።»

«ታዲያ ይሄ ሰውዬ የሚያቃጥለው ምንድነው?»

ሚና ናት የመለሰችለት። «የእኔን ቤት ነው፣ አቶ ካሽ። እኔ ነኝ አቃጥለው ያልኩት። ልጅዎ ከፈለገኝ እንደዚህ ነኝ።» ከዚያ ሄዳ አባቷ አጠገብ ቆመች። ክንዱን አልያዘችም፣ አላቀፈችውም። ቆመች ብቻ።

ልጁ ፈለጋት። ከፋሲካ በኋላ ተዳረች፣ አማቷ ቤት ጥግ ላይ መጋረጃ ተጋርዶላት ገባች። አማቲቱ ምግብ በቀረበ ቁጥር ስለዚያ ጥግ ታነሳባታለች። ስለ ኦውኒም የማትለው የለም፣ እናቱን በብርድ የገደለ እስከ ማለት። ሚና ግን አንድ ቀን እንኳ በአባቷ ላይ ክፉ ቃል አልወጣትም አሉ። ይሄን የነገረችኝ ራሷ አማቲቱ ናት፣ እሷ ደግሞ ሰው ለማመስገን ብላ የምትዋሽ ሴት አይደለችም።