አስኳል ያፈሰሰው አማች

ዳሌንዳ እንቁላል የምትሰብረው በመጥበሻ ጠርዝ ላይ አይደለም። ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጋ ትመታውና መጀመሪያ ቡና ስኒ ውስጥ ትገለብጠዋለች። «ጠርዝ ላይ ከመታሽው ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የተበላሸ ከሆነ ደግሞ ምግብሽን ሁሉ ይዞብሽ ይሄዳል» ትለኛለች። ግድግዳ ተጋርተን ይህን ሁሉ ዘመን ስንኖር፣ እኔ ዛሬም ጠርዝ ላይ ነው የምመታው። ሰው ከጎረቤቱ ሙያ የሚማር ቢሆን ኖሮ በዚህች በቱኒዝያዋ ወደብ በቢዘርት መጥፎ ምግብ ባልተበላ ነበር።

ባሏ ሞንጂ የዓሣ ወደቡ ሠራተኛ ነበር፤ ልጃቸው ኦልፋ ገና በዳዴ ስትሄድ ሞተ። ከዚያ በኋላ ዳሌንዳ ሌላ ወንድ ቀና ብላ አላየችም። ብሪክ እየጠበሰች እየሸጠች ልጇን አሳደገች። በረመዳን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ በመስኮቷ ሥር ይሰለፋል። ኦልፋ አንድ ለእናቷ ናት። እናቲቱም ለልጇ ያው አንድ ናት፤ ሌላ ዘመድ የላቸውም።

ብሪክ ቀላል ነገር ነው። እንደ ወረቀት የሳሳች ቂጣ ትዘረጊያለሽ፤ መሃሏ ላይ የተፈጨ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ፐርሰሜሎና ትንሽ ቱና ታደርጊያለሽ፤ እንቁላል ትገለብጪበታለሽ፤ አጥፈሽ ዘይት ውስጥ ትከቺያለሽ። አለቀ። ጣጣው ሲበላ ነው። በእጅ ነውና የሚበላው፣ ቂጣው ከሽ ሲል አስኳሉ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ለዚህም ነው ልጃገረድ ሊጠይቅ የመጣ ወንድ ከእናቷ እጅ ብሪክ የሚቀርብለት። ጠብ ሳያደርግ ከበላ ልጅቷን ያገኛል፤ ካፈሰሰ በመጣበት ይመለሳል። በአያቶቻችን ጊዜ የምር ነበር ይላሉ። ዛሬ መሳቂያ ነው፤ ፎቶ ለመነሳት ያህል ይደረጋል።

ሀይሰም የሚባለው ልጅ ሲመጣ ግን ዳሌንዳ አልሳቀችም።

ልጁ ፈረንሳይ አገር፣ ማርሴይ ውስጥ የመርከብ ሞተር ጠጋኝ ነው። ለበጋ እረፍት መጥቶ ኦልፋን የምትሠራበት መድኃኒት ቤት አገኛት፤ ራስ ምታት ሳይኖርበት የራስ ምታት ኪኒን ሲገዛ ሰነበተ። ሊያገባት፣ አግብቶም ሊወስዳት ነው። ወሬውን እንደሰማሁ በኩሽናው መስኮት ጠራኋት።

«ዳሌንዳ! ልጁ እንዴት ነው?»

«ጨዋ ነው» አለችኝ፣ በሽታዋን እንደሚነግር ሰው።

«ታዲያ ፊትሽን ምን አጠቆረው?»

«ራድያ፣ ባሕር ማዶ እኮ ነው።»

«እና? አንቺም ትሄጃለሽ፣ ትጠይቂያታለሽ።»

«እንግዳ ሆኜ? ልጄ ቤት እንግዳ ሆኜ?» ፎጣውን ጨመቀችው። «ደግሞ ገና ብሪኩን መች በላ። ካፈሰሰ አልሰጥም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ በእንቁላል ልጅ ይከለከላል?»

«ሥርዓት ነው» አለችና መስኮቱን ዘጋችብኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ልጁ ሰካራም ቢሆን፣ ተሳዳቢ ቢሆን ደስ ባላት። እምቢ የምትልበት ምክንያት አጥታ ነው እንቁላል ላይ የተንጠለጠለችው።

እሑድ ቀን ሀይሰም ከእናቱ ከላላ ቤያ ጋር ለምሳ መጣ፤ «ላላ» በእኛ ዘንድ «እመቤት» እንደማለት ነው። እኔም ልረዳ ኩሽና ገባሁ። ዳሌንዳ ፍሪጁን ከፍታ እንቁላል ስታወጣ አየሁ። ይህች ሴት እኮ ብሪክ በምትሠራበት ቀን እንቁላሉን ገና በጠዋት አውጥታ ጠረጴዛ ላይ የምታቆይ ናት። «የቀዘቀዘ እንቁላል ልቡ ሳይሞቅ ቂጣው ያርርብሻል» እያለች ጆሮዬን ያደነቆረችው እሷ ናት። ቂጣውን ዘረጋች፤ ድንች አላደረገችም። ድንቹ ነው ዙሪያውን ከቦ እንቁላሉን የሚይዘው።

«ድንቹስ?» አልኳት።

«ድንች አይወድ ይሆናል።»

«ጠይቀሽው ነው?»

«ራድያ፣ ሎሚውን ቁረጪ።»

ሎሚውን ቆረጥኩ። ብሪኩ ዘይት ነክቶ ወጣ ማለት ይቻላል።

ሀይሰም በሁለት እጁ ጫፍና ጫፉን ይዞ አንዴ ገመጠ። አስኳሉ እንዳለ ወረደ። ከነጭ ሸሚዙ ኮሌታ እስከ ቀበቶው ድረስ ቢጫ መንገድ ሠራ። ከዚያ ላላ ቤያ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች።

«ጉድ ፈላ! ልጄ ቆሞ ቀረልኝ!»

ሀይሰም ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «ላላ ዳሌንዳ፣ ሻንጣዬን ልያዝ ወይስ ምሳ በልቼ ልሂድ?» አለ።

ሁሉም ሳቀ። ኦልፋ ዳቦ ቆርሳ ከደረቱ ላይ አስኳሉን ጠረገችና ጎረሰችው። «ይኸው፣ ሸሚዙ ራሱ ይጣፍጣል» አለች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

«ሥርዓት ሥርዓት ነው» አለች ዳሌንዳ። ቀልዷን መስሏቸው ይብሱን ሳቁ። ስለ ሠርጉ ቀን ማውራት ጀመሩ። ያ ሁሉ የተማመነችበት ነገር በአንድ ቁራሽ ዳቦ ተጠርጎ ተበላ። ሳህኑን አንስታ ኩሽና ገባች፤ ተከትያት ገባሁ።

ወዲያው ኦልፋ መጣች። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የቀሩትን እንቁላሎች በእጇ ዳሰሰቻቸው። ገና አልሞቁም፤ ቅርፊታቸው አልቦታል።

«ከፍሪጅ ነው ያወጣሻቸው» አለች።

ዳሌንዳ የታጠበ ሳህን መልሳ ማጠብ ያዘች።

«ኡሚ፣ እናቴ፣ እኔ እኮ ጥርሴን የነቀልኩት ብሪክ ሳጥፍ ነው። እንዲፈስ አድርገሽ ነው የሠራሽው።»

ብትጮህ ይሻል ነበር። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ አንጀቴን የበላው እሱ ነው። ወደ እናቷ ተጠጋች።

«አትሂጂ በይኝ። አንዴ በአፍሽ በይኝ፣ እቀራለሁ። ወላሂ እቀራለሁ። ግን እንቁላል ሽማግሌ አድርገሽ አትላኪብኝ።»

ከሳሎን ሳቅ ይሰማል። ዳሌንዳ አፏን ከፈተች። እኔ በበኩሌ «በያት! በያት!» እያልኩ በሆዴ እጮሃለሁ፤ ሙቅ ቤት ይዤ ብቻውን የሚቀርን ሰው ማየት አልወድም። አፏን መልሳ ዘጋች። ለብ ያለ ውሃ በሳህን ቀዳችና ሁለት እንቁላል አስገባችበት።

«አንድ ብሪክ ምን ያጠግባል» አለች። «ሂጂ እንግዳሽ ጋ ተቀመጪ።»

ኦልፋ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሂጂ አልኩሽ፤ ዘይት ይፈናጠርብሻል።»

እንቁላሉ እስኪሞቅ ድንቹን እንደ ጎጆ ግድግዳ አበጀችው። ከስኒ ወደ መሃሉ ገለበጠች። እሳቱን ቀነሰች፤ ዘይቱን በማንኪያ እየቀዳች ከላይ ከላዩ አፈሰሰችበት። አስኳሉ ረግቶ እንደሆነ በጣቷ ጫን አድርጋ አየች። ስትሠራ አልተጣደፈችም፣ አላለቀሰችም። ራሷ ይዛ ሄዳ ሀይሰም ፊት አስቀመጠችው፣ «ይኸኛው አይፈስም፣ ልጄ» አለችው።

ልጁ እስከ መጨረሻው ጥግ በላው። ጠብ አላለም። ላላ ቤያ እልል አለች። ኦልፋ አለቀሰች፤ ሁሉም የደስታ ነው አሉ።

በመከር ሄደች። አሁን ዳሌንዳ ብሪክ አትሠራም፤ ለአንድ ሰው ብሎ ያን ያህል ዘይት ማጋል አይሆንላትም። እንቁላል ትቀቅላለች፤ ገበታ ሳታቀርብ፣ ቆማ፣ በጨውና በከሙን ትበላዋለች። አርብ አርብ ኦልፋ ትደውላለች። «እዚህ ያለው ቂጣ ይሰባበራል» ትላለች፤ እናቷ «እርጥብ ጨርቅ አልብሺው» ትላለች። ዘይት፣ እሳት፣ ሽንኩርት፣ ይህንኑ ሲያወሩ ጊዜው ያልቃል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ በግድግዳው በኩል ጆሮዬን ባቆም ሬዲዮ እንኳ አልሰማም። አንዳንዴ ግድግዳውን እመታላትና «አለሽ?» እላታለሁ። «የት እሄዳለሁ» ትለኛለች።

እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። አንድ ቀን የተቀቀለ እንቁላል ውሃ ውስጥ ነክራ ስትልጥ ደረስኩባት፤ ውሃ ውስጥ ሲላጥ ቅርፊቱ በቀላሉ ይለቃል።

«አንቺ» አልኳት፣ «ምን ነበረበት አትሂጂ ብትያት? እቀራለሁ ብላሽ የለ? በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ቀና አላለችም። ልጣ ጨረሰች፤ እንቁላሉን አለቀለቀችው።

«ብላት እኮ ትቀር ነበር» አለችኝ።